ድኻው «ሸማች» ተብሎ ተሾመ

ወገኖች፥ በየክፍላችን ሲደጋገም የሰለቸን አንድ ቃል አለ፤ «ሸማች» ይሉታል። ገና የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስንገልጥ እርሱ ቆሞ ይጠብቀናል። ስም የለው፥ አገር የለው፥ እናት አባት የለው፤ ብቻ የታወቀ ገቢ በኪሱ ይዞ በሁለት ሸቀጦች መካከል ያማርጣል። ብርቱካንና ሙዝ፥ ሙዝና ብርቱካን! ገቢው ከየት እንደ መጣ አይጠየቅም። መጽሐፉ «ገቢው የተሰጠ ነው እንበል» ብሎ ያልፈዋል። ማን ሰጠው? ስንት ሰዓት ሠርቶ? ለማን ሠርቶ? ይኸ የሌላ ምዕራፍ ጉዳይ ነው ይባላል፤ ያ ሌላው ምዕራፍ ደግሞ ፈተና ላይ አይመጣም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንለው አጭር ነገር ነው። ድኻው በዚህ ትምህርት ዘንድ ለረጅም ጊዜ ከሰው አይቆጠርም ነበር። አሁን መቆጠር ጀምሯል፤ የተቆጠረው ግን ኪሱ ነው። ጉልበቱን ለማን፥ በስንት እንደሚሸጥ ዛሬም የሚጠይቀው የለም። ኪሱን ከጉልበቱ ለያይቶ ማየት ለአንዳንዶች እንጀራ የሆነ ስሕተት ነው። (ዓመታቱን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስንጽፍ እናስታውቃለን።)

መጀመሪያ ያልተቆጠረበትን ዘመን እንይ። የኤኮኖሚክስ መጽሐፍ «ፍላጎት» ሲል እኛ በተለምዶ ፍላጎት የምንለውን ማለቱ አይደለም። የተራበ ሰው ዳቦ ቢያምረው ያ ምኞት ነው፤ ፍላጎት ተብሎ የሚመዘገበው ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ነው። ትርጓሜው በራሱ ክፋት የለበትም። ገበያ በእርግጥም የሚሰማው የገንዘብን ድምፅ ብቻ ነውና እውነቱን መናገሩ ነው። ክፋቱ የሚመጣው ትርጓሜው ተረስቶ፥ ገበያው ዝም ካለ ሕዝቡም ደኅና ነው ሲባል ነው።

ይኸን ለማወቅ ባሕር መሻገር አያሻንም፤ ወሎ አለችልን። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው «ድህነትና ረሃብ» በተሰኘው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያው ረሃብ አንድ ምዕራፍ ጽፏል። የ1973ቱ፥ በእኛ የ1965 እና የ1966ቱ እልቂት መሆኑ ነው። ያገኘው ነገር ዛሬም ያስደነግጣል። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አልወደቀም፤ የወሎ ገበሬ ግን አዝመራው ጠፋበት፥ አዝመራው ሲጠፋበት የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም። ለምን ይንካ? የሚገዛ የለማ! ይባስ ብሎ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ ነበር። ረሃብተኛው በአውራ ጎዳናው ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ሲለምን፥ እህሉ ገንዘብ ወዳለበት ይጓዝ ነበር።

ዋጋ ማለት መረጃ ነው ተብለን ተምረናል። በደሴ ዋጋው የተናገረው መረጃ «ሰላም ነው» የሚል ነበር። ሴንን የተቹ ሊቃውንት እንዳሉ እናውቃለን፤ የድርቁን ክብደት አሳንሶታል ይሉታል። ይሁን፥ ይከራከሩ። ባዶ ኪስ ይዞ ገበያ የሄደ ሰው በዋጋ ሠንጠረዥ ላይ ምልክት ሳይተው ሊሞት እንደሚችል ግን ማንም አላስተባበለም።

ከዚህ ሌላ ድኻው በመጽሐፋችን ውስጥ ብቅ የሚለው በግርጌ ማስታወሻ ነው። አልፍሬድ ማርሻል በ1895 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ላይ ሮበርት ጊፈንን ጠቅሶ፥ ዳቦ ሲወደድ የእንግሊዝ ድኻ ዳቦ አብዝቶ ይገዛል አለ። ዳቦው ገንዘቡን ሲጨርስበት ሥጋውን ይተዋል፤ ሥጋውን ሲተው ሆዱን የሚሞላው በዳቦ ነው። ማጀት ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር! እኛ ግን የምንማረው እንደ ባለ ሁለት ራስ ጥጃ ትንግርት ተደርጎ ነው። ጄንሰንና ሚለር የተባሉ አጥኚዎችም በ2008 ባሳተሙት ጥናት፥ በቻይና በሁናን ክፍለ ሀገር ሩዝ የረከሰላቸው ድኾች የሚገዙትን ሩዝ መቀነሳቸውን አሳዩ፤ ሊቃውንቱም ተደነቁ። እኛ አገር ጤፍ ሲወደድ በሊጡ ውስጥ ማሽላው፥ በቆሎው፥ ሩዙ ሲበዛ ማን ተደነቀ? በሠንጠረዥ ላይ ሲሰፍር ደግሞ «የምርጫ ለውጥ» ይባላል። ምርጫ!

አሁን ወደ ሹመቱ እንምጣ። በ2002 ሲ. ኬ. ፕራሃላድ እና ስቱዋርት ሃርት የተባሉ ሁለት የንግድ አስተዳደር ምሁራን «በፒራሚዱ ግርጌ ያለ ሀብት» የሚል ጽሑፍ አወጡ፤ ፕራሃላድ በ2004 መጽሐፍ አደረገው። ክርክሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ 4 ቢሊዮን ድኻ አለ፤ በእያንዳንዱ ኪስ ያለው ጥቂት ነው፥ ሲደመር ግን ተራራ ነው፤ ስለዚህ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ለድኻ የሚሆን ዕቃ በትንሽ በትንሹ እያደረጉ ቢሸጡ እነርሱም ያተርፋሉ፥ ድህነትም ይጠፋል። ትርፍ ድህነትን እንደሚያጠፋ የመጽሐፉ ንኡስ ርእስ ራሱ ይናገራል። ምን አለፋችሁ፥ የንግድ ትምህርት ቤቶች ሁሉ በደስታ ተቀበሉት። ከረሃብተኛው ዓለም ጋር ታርቀው፥ ትርፋቸውንም ሳይነኩ የሚያድሩበት መጽሐፍ ተገኘላቸው።

ፕራሃላድን ሞኝ ብለን ለማለፍ አንፈልግም፤ ሞኝ አልነበረም። በሙምባይ ከተማ ዳራቪ በተባለው የድኻ ሰፈርና ዋርደን ሮድ በተባለው የሀብታም ሰፈር ያለውን ዋጋ ጎን ለጎን አድርጎ አሳይቷል። ውሃ በዳራቪ 37 እጥፍ ይከፈልበት ነበር። ብድር 53 እጥፍ። ሩዝ እንኳ የሀብታሙን ሰፈር ዋጋ 1.2 እጥፍ ያወጣ ነበር። ድኻ ድኻ በመሆኑ ቅጣት ይከፍላል ማለቱ ነው፤ ትክክል ብሏል። ነገሩ ግን አዲስ አልነበረም። ዴቪድ ካፕሎቪትዝ «ድኾች ይበልጥ ይከፍላሉ» የሚለውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1963 ነው። በኒው ዮርክ የሚኖሩ 464 ቤተሰቦችን ጠይቆ፥ ቴሌቪዥኑንና የቤት ዕቃውን በየወሩ በሚከፈል ዱቤ እየገዙ ዋጋው እንዴት እንደሚቆለልባቸው፥ ዋጋ ባልተጻፈበት ዕቃ ላይ ባለሱቁ የገዢውን ፊት አይቶ እንዴት እንደሚተምንባቸው፥ መክፈል ሲያቅታቸውም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዛቸው ላይ እንዴት እንደሚቆረጥ ጻፈ። ሁለቱ ያዩት አንድ ነው። አንደኛው «ይኸ ግፍ ነው» አለ፤ ሁለተኛው ከአርባ ዓመት በኋላ መጥቶ «ይኸ ገበያ ነው» አለ።

እስቲ ደግሞ ከመጽሐፉ ወጥተን ወደ ሰፈራችን እንግባ። ከማናችንም ቤት አጠገብ ያለችውን ሱቅ እንውሰድ። ዘይት በትንሽ ላስቲክ ተቋጥሮ ይሸጣል። ስኳር በሩብ ኪሎ፥ ከሰል በመደብ፥ ቲማቲምና ሽንኩርት ጉሊት ላይ በመደብ፥ ኦሞ በትንሿ ፓኬት። የማርኬቲንግ አጥኚ መጥቶ ይኸን ሲያይ «ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሸማች አነስተኛ መጠን ይመርጣል» ብሎ ይጽፋል። ኧረ ለመሆኑ ማን ነው የሚመርጠው? የቀን ሠራተኛ የሚከፈለው በቀን ነው። ምንዳው ማታ እጁ ሲገባ የሚገዛው ለማታ የሚሆነውን ነው። የወር አስቤዛ የሚገዛ የወር ደመወዝ ያለው ነው፤ ያውም ማስቀመጫ ጓዳ፥ የማይፈስ ጣራና የሚቆለፍ በር ካለው። ሰውየው ትንሿን ፓኬት የገዛው የተከፈለው ትንሽ ስለ ሆነና ነገ መከፈሉን ስለማያውቅ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። አንድ ኪሎ ሳሙና 250 ብር ይሁን፥ 30 ግራም የያዘችው ፓኬት 10 ብር ትሁን። ፓኬቷ «ርካሽ» ናት፤ ማንም 10 ብር አያጣም። ግን በፓኬት እየገዛ ኪሎ የሞላ ሰው 333 ብር ከፍሏል። 83 ብር የከፈለው ለምኑ ነው? አብሮ 250 ብር ስላልነበረው ነው። ፓኬት ሁልጊዜ ይወደዳል ማለታችንም አይደለም፤ በህንድ የሻምፑ ፓኬት ከጠርሙሱ የረከሰበት ጊዜ እንዳለ የታወቀ ነው። ያኔም ቢሆን ኩባንያው ሸማቹን ለመያዝ ብሎ ያደረገው ነው፤ ሲፈልግ ግራሙን ቀንሶ ዋጋውን እንዳለ ያቆየዋል። በፓኬቷ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ግራም በዚያች ጨለማ ሱቅ ውስጥ ማን ያነበዋል?

ባለሱቁንም ሌባ ማለታችን አይደለም። እርሱም ከጅምላ ሻጩ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ያነሣል፤ የተቀደደ ደብተሩን አውጥቶ ያለ ወለድ ዱቤ የሚጽፍልን እርሱ ነው። ማንም የንግድ ትምህርት ቤት ግን የእርሱን ደብተር እንደ ብልሃት ቆጥሮ ሲያስተምር አላየንም። ኩባንያ በስልክ ሲያደርገው ነው «ፈጠራ» የሚባለው።

ስልኩን ካነሣን አይቀር፥ በኬንያ በ2012 የተጀመረው ኤም-ሽዋሪ የሚባለው የስልክ ብድር ሲጀምር ለ30 ቀን 7.5 በመቶ ያስከፍል ነበር። ስሙ ወለድ አይደለም፤ «የአገልግሎት ክፍያ» ነው። በአሥራ ሁለት ወር ብታባዙት 90 በመቶ ይመጣል። ከአራጣ አበዳሪ ይሻላል ይባላል፥ ይሻል ይሆናል። የአራጣ ታናሽ ወንድም መሆን ግን ድህነትን ማጥፋት አይደለም። የቡድን ብድርና ጥቃቅን ብድር የሚባለውም ቢሆን እንደ ተወራለት አልሆነም። በ2015 ስድስት ጥናቶች ከስድስት አገሮች በአንድ መጽሔት እትም ላይ ወጡ፤ አንደኛው በኛው በአማራና በኦሮሚያ ገጠር የተደረገ ነው። ብድሩ የተበዳሪውን ኑሮ ሲለውጥ አላገኙም። አንዳንዱ ነገር ጥቂት ቀለለ፥ ሌላው እንዳለ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ድኻውን መገሠጽ። አቢጂት ባነርጂ እና ኤስተር ዱፍሎ፥ በ2019 የኖቤል ሽልማት ከማይክል ክሬመር ጋር የተካፈሉት፥ በ2007 የድኾችን ኑሮ የሚዘረዝር ጽሑፍ አውጥተዋል። በህንድ በኡዳይፑር ከነበሩት እጅግ ድኻ ቤተሰቦች ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ በላይ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ ለሠርግ፥ ለቀብር ወይም ለበዓል ገንዘብ አውጥተዋል፤ መካከለኛው ቤተሰብ ከዓመት ወጪው 10 በመቶውን በዚሁ ላይ አውሏል። ጸሐፊዎቹ ጠንቃቆች ናቸው፤ ተቀባዮቻቸው ግን ከዚህ ያነሡት «ድኻው ያባክናል» የሚለውን ነው። ይኸ ለእኛ አዲስ ስብከት አይደለም። ተዝካርና ድግስ አገሩን አደኸየው ሲባል ያደግን ነን። ታዲያ እድሩን ያልከፈለ ሰው፥ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው፥ ጎረቤቱ ሲድር ባዶ እጁን የቀረ ሰው፥ እርሱ ሲታመም ማን በቃሬዛ ያነሣዋል? ኢንሹራንስ የለው፥ ጡረታ የለው፤ ያለው ሰው ነው። ሀብታሙ ለኢንሹራንስ ሲከፍል «ጥንቁቅ»፥ ድኻው ለእድር ሲከፍል «አባካኝ»! የባሰው ደግሞ ያው ገሣጭ ወዲያው ዞር ብሎ ለዚሁ ሰው ፓኬት የሚሸጥበትን ማስታወቂያ መሥራቱ ነው።

«እናንተስ ድኻው ምን እንደሚገዛ ልትነግሩት ማን ናችሁ?» የሚሉን አይጠፉም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፕራሃላድና ሃሞንድ በ2004 በጻፉት ላይ አንዲት መንገድ ጠራጊ ሴት ፌር ኤንድ ላቭሊ የተባለውን ቆዳ የሚያነጣ ክሬም በትንሹ ገዝታ ኩራት እንደ ተሰማት እያደነቁ ነግረውናል። እኛ ሴትዮዋን ክሬም አትግዢ አንላትም፤ ገንዘቧ ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነው። መልኳ ጠቁሮ ሥራ እንደማታገኝ፥ ባል እንደማታገኝ በቴሌቪዥን የነገራት ማን ነው? ቁስሉንም መድኃኒቱንም የሚሸጠው አንድ እጅ ሲሆን ምርጫ የሚለው ቃል ምን ትርጉም አለው? ክሬሙ በ2020 ስሙን ለወጠ፤ «ፌር» ወጥቶ «ግሎው» ገባ። ክሬሙ ግን አለ።

ከክሬሙ የከፋ አለ። የዱቄት ወተት ነገር። በ1970ዎቹ የሕፃናት ዱቄት ወተት በድኻው ዓለም እንደ ዘመናዊነት ምልክት ሲሸጥ፥ እናቶች ቆርቆሮው ቶሎ እንዳያልቅ በውሃ አቀጠኑት። ውሃው ንጹሕ አይደለም፤ ወተቱ ቀጭን ነው፤ የእናትየው ጡት ደግሞ ደርቋል። የፓኬቷ ሒሳብ ማለት ይኸ ነው፥ በሕፃን ሲሠራ። በ1977 በኔስሌ ላይ ያለመግዛት አድማ ተጠራ። በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትክ ሽያጭን የሚገታ ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ፤ የተቃወመች አንዲት አገር ብቻ ናት፥ አሜሪካ። ያ ደንብ የመጣው ሸማች በሸማችነቱ አማርጦ አይደለም። ሰዎች ተሰብስበው፥ ተከራክረው፥ አድማ መትተው ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዚያው በፕራሃላድ ዩኒቨርሲቲ፥ በሚሺጋን፥ ያስተማረው አኒል ካርናኒ ለዚህ ሁሉ የሰጠው መልስ ቀላል ነው፤ ድኻውን ከሚሸጡለት ይልቅ የሚሠራውን ይግዙት፥ ገቢው ይደግ ይላል። እኛም በዚህ እንስማማለን፤ ግን በስንት ይግዙት?

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት በ2019 ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደ ሆነ፥ ይኸም በዓለም የልብስ ምርት ውስጥ ከሁሉ ዝቅተኛው እንደ ሆነ ጻፈ። ያቺን ልጅ አስቧት። ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ስትቆም ስሟ «ወጪ» ነው። ወጪ ደግሞ መቀነስ አለበት፤ ዝቅ ማለቱ ባለ ሀብት መሳቢያ ተብሎ በሚያምር ወረቀት ይታተማል። ማታ ከፋብሪካው ወጥታ ሱቅ በር ላይ ስትቆም ስሟ ተለወጠ፤ «ዕድል» ሆነች፥ «ያልተነካ ገበያ» ሆነች። ያው አንዲት ልጅ! በአንድ ቀን፥ በአንድ መንገድ ላይ። የጠዋቱን የሚያስተምረን አንድ ክፍል ነው፥ የማታውን የሚያስተምረን ሌላ ክፍል፤ ሁለቱ መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ እርሷ ሲነጋገሩ ሰምተን አናውቅም። የማታዋን «ዕድል» ያሳነሰው የጠዋቷ «ወጪ» መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የግሉ ፋብሪካ ሠራተኛ የደመወዝ ወለል ሳይበጅለት ቆየ። ወለል የሌለው ቤት ውስጥ ፓኬት መደርደር ግን ማንንም አላሰለቸም።

ይኸ ሁሉ እኛን ምን አገባን የሚል ካለ፥ ያገባዋል። መጠይቁን ይዘን ቤት ለቤት የምንዞረው እኛ ነን። ብዙዎቻችን የመጀመሪያ እንጀራችን የሚሆነው ይኸው ነው፤ በክረምት ለእረፍት ስንወጣም ጥቂቶቻችን ሞክረነዋል። በመጠይቁ የመጨረሻ ገጽ ላይ «የቤተሰቡ ወርኃዊ ገቢ» የሚል ሣጥን አለ። ሣጥኑ የተቀመጠው ሴትዮዋን «ዲ» ወይም «ኢ» ብሎ ለመመደብ ነው፥ ከዚያ በላይ ሥራ የለውም። ስንት ሰዓት እንደ ሠራች፥ ማን እንደ ከፈላት፥ መቼ እንደሚከፍላት፥ በቀን ይሁን በወር፥ የሚጠይቅ መሥመር የለም። «ትንሿን ፓኬት ለምን መረጡ?» ለሚለው ከተደረደሩት መልሶች መካከል «ገንዘብ ስለሌለኝ» የሚል ባለመኖሩ፥ «ለአያያዝ ስለሚመች» የሚለው ላይ ምልክት አድርገን እናልፋለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናቀርባለን። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ስለ ሸማች የሚሠሩ ጓደኞቻችን በመጠይቃቸው ላይ የሥራ ሰዓቱን፥ የአከፋፈሉን ጊዜና የከፋዩን ማንነት የሚጠይቁ ሦስት መሥመሮች ይጨምሩ፤ የዕቃውንም ዋጋ በፓኬት ሳይሆን በግራም ይጻፉ። የሁለቱ ክፍሎች መምህራንም ስለ ሐዋሳዋ ልጅ በአንድ መድረክ ላይ እንዲከራከሩ ጥያቄያችንን በጽሑፍ እናስገባለን፤ መፈረም የሚፈልግ ስሙን ከአዘጋጆቹ ዘንድ ያስመዝግብ። «ተሳስታችኋል» የሚልም ካለ ይጻፍ። የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው።